የሙዚቃ መጽሔት ፕሮጀክቴ ሽፋን ላይ ማንን ላውጣ?

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ የምማር የሦስተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ በአንድ ኮርስ የተሰጠን ሥራ መጽሔት ማዘጋጀት ነው። ሽፋን፣ ማውጫ፣ ሁለት ገጽ የሚሞላ አንድ ዋና ጽሑፍ፣ በመጨረሻም ለምን እንዲህ እንዳደረግን የምናስረዳበት ሪፖርት። አራት ሆነን ነው የምንሠራው። ሦስቱ ስፖርት ይሁን ሲሉ እኔ ተሟግቼ ሙዚቃ አስባልኩ። አሁን ሥራው ሁሉ እኔ ላይ ወድቋል።

ስሙን «አምባሰል» ብዬዋለሁ። 16 ገጽ ነው። መልኩ እንደ አሜሪካው የሙዚቃ መጽሔት እንደ ሮሊንግ ስቶን እንዲሆን ነው የምፈልገው፤ ትልቅ ስም፣ ትልቅ ፊት፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት። ሽፋኑ ላይ የወሎዋን ዘፋኝ ማሪቱ ለገሰን አስቤያለሁ፤ ፎቶዋን ከኢንተርኔት አውርጃለሁ። ውስጡ ስለ አራቱ ቅኝቶች ማብራሪያ አለ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። አራቱም የወሎ ስለሆኑ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ዋናው ጽሑፍ ሰፈራችን ከሚኖሩ አንድ መሰንቆ ተጫዋች ጋር ያደረግኩት ቃለ መጠይቅ ነው። አንባቢው ማንኛውም ሙዚቃ ወዳድ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ማተሚያ ቤት ወስጄ ናሙና አሳተምኩ። አፈርኩ። የማሪቱ ፊት የጦሳ ተራራን ጭጋግ ለብሶ ወጣ። ጽሑፉን በሦስት ዐምድ ከፍዬው ነበር፤ በቃላቱ መሃል የተጫነች አህያ የምታልፍበት ክፍተት ተፈጠረ።

ሽፋኑ ላይ ማሪቱ ትሁን ወይስ ሌላ ሰው? በምን ፕሮግራምስ ልሥራው? የምታውቁ ጀባ በሉኝ።

*

ከላይ ያለውን ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ምላሹ የእኔንም ጨምሮ 27 ደርሷል። ኋላ የሚመጣ ሰው ሁሉንም እያገላበጠ እንዳይደክም በተራ ቁጥሩ ላውራው። ስድቦቹን አልደግማቸውም።

ምላሽ 1 በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከተፍ አለ። አብሽሪ ብሎ ጀመረ። ወሎን ያለ ማሪቱ ማሰብ ቡና ያለ ዕጣን እንደማፍላት ነው ባይ ነው። ምላሽ 2 አንዲት ልጅ ናት፤ በእሱ ተስማማችና መጽሔቱ የት እንደሚሸጥ ጠየቀች። ገና ሽፋን እንኳ ለሌለው መጽሔት ገዢ ተገኘ።

ሥራ ያስጀመረኝ ምላሽ 3 ነው። ኮምቦልቻ ማተሚያ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነው የጻፈው። ስለ ሽፋኑ አንድም ቃል አልተነፈሰም። መጀመሪያ የጠየቀኝ ወረቀቱ ስንት በስንት እንደሆነ ነው። ኤ4 መጽሔት ለመሥራት ኤ3 ወረቀት ማጠፍ ያስፈልጋል፤ ያን የሚያትም ማሽን ደግሞ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የለም። ስለዚህ ኤ4ን አጥፌ ኤ5 እንዳደርገው መከረኝ፤ 148 በ210 ሚሊ ሜትር። አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሰጣል። መሃሉ ላይ በሽቦ የሚታሰር መጽሔት የገጹ ብዛት ምንጊዜም ለአራት የሚካፈል መሆን አለበት። 16 ማለቴ እንዲያው በለስ ቀንቶኝ ነው።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ዘግቼ አራት ባዶ ወረቀት እንዳመጣ አዘዘኝ። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አራቱን አንድ ላይ አጠፍኩ። በእርሳስ ከ1 እስከ 16 ቁጥር ጻፍኩባቸው። ከዚያ ፈታኋቸው። ገጽ 1 ከገጽ 16 ጋር ጎን ለጎን ተኝቷል። 2 ከ15፣ 3 ከ14፣ 7 ከ10። ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 17 ይመጣሉ። ሲነበቡም ጎረቤት፣ ሲታተሙም በአንድ ወረቀት ፊት ላይ የሚያርፉት 8 እና 9 ብቻ ናቸው። የቀሩት የገጽ ጥንዶች ሲገለጡ ፊት ለፊት ይተያያሉ እንጂ ግማሹ የሚታተመው ሌላ ቦታ ነው። በእነሱ ላይ የተዘረጋ ፎቶ መሃሉ ላይ ገጥሞ መምጣቱ ዕድል ነው። እኔ ቃለ መጠይቁን ያስቀመጥኩት 6 እና 7 ላይ ነበር። በዚያ ምሽት ወደ 8 እና 9 አዛወርኩት።

ስለ ፎቶውም እዚያው ጻፈልኝ። ለኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል። ኤ5ን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ፎቶ 1748 በ2480 ፒክስል ይሆናል ማለት ነው። የእኔዋ ማሪቱ 480 በ600 ነበረች። በቴሌግራም የሚላክ ፎቶ ስለሚያንስ፣ ከጓደኞቼ ጋር ስንላላክ እንደ ፋይል እንድናደርገው አስጠነቀቀን። እስከ ዳር የሚሄድ ቀለም ካለ ደግሞ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ እንተው፤ አለዚያ ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ይቀራል። ስክሪን ላይ የሚያበራ ቀለም ወረቀት ላይ እንደሚፈዝም ነገረኝ። እሱን እንኳ ከናሙናው ተምሬዋለሁ።

ምላሽ 4 የእኔ ነው፤ የፕሮግራሙን ነገር ደግሜ ጠየቅኩ። 5 ላይ ያው ሰው መለሰልኝ። ኢንዲዛይን ካለኝ እሱን፣ ከሌለኝ በነጻ የሚገኘውን ስክራይበስን። ካንቫም ለሽፋን ይበቃል። በማይክሮሶፍት ወርድ ግን እንዳልሞክረው ለመነኝ። ልመና መሆኑን ያወቅኩት ከሦስቱ ቃለ አጋኖ ነው።

6 ላይ ነገሩ ከረረ። አንዱ የሮሊንግ ስቶንን ስም አይቶ ተቆጣ። የወሎ ልጅ ቅኝት ሞልቶላት የፈረንጅ መጽሔት ለመገልበጥ ምን አንከራተታት ነው ነገሩ። 7 ላይ የመለሰለት ሰው ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ ግን እሱንም እኔንም ከመታረም አላዳነንም። ሮሊንግ ስቶን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1967 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲጀመር የሚያብረቀርቅ ነገር አልነበረውም። በጋዜጣ ወረቀት ላይ የታተመ፣ ጋዜጣ የሚመስል ነገር ነበር። የመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ የወጣው ጆን ሌነን ነው፤ ፎቶውም ወታደር ሆኖ ከተወነበት ፊልም የተወሰደ ነው። ስለዚህ መገልበጥ ካማረኝ ዛሬ ያለበትን ሳይሆን አጀማመሩን እንድገለብጥ መከረኝ። እውነቱን ነው፤ የእኔ ኪስ ለአጀማመሩ ነው የሚሆነው። 6 ተመልሶ አልመጣም።

ምላሽ 8ን አትሜ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። የጻፈችው ደሴ ያደገች፣ አሁን አዲስ አበባ የመጻሕፍት ገጽ የምታቀናብር ሴት ናት። አህያ የምታልፍበት ክፍተት ከየት እንደመጣ ያስረዳችኝ እሷ ናት። የእኛ ቃል ረጅም ነው። «ስለሚያስፈልጋቸውም» የሚለው አንድ ቃል ብቻውን 11 ፊደል አለው። ጠባብ ዐምድ ውስጥ ከግራም ከቀኝም ጠርዝ ሲያዝ፣ ረጅሙ ቃል ካልበቃው ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ የቀሩት ሁለት ሦስት ቃላት ደግሞ ባዶውን ለመሙላት ይለጠጣሉ። የብራና ጸሐፊዎች ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ቃል የሚያልቀው ሁለት ነጥብ ሲመጣ ስለሆነ መስመሩ ባለቀበት ቃሉን ቆርጠው ይቀጥሉ ነበር። እኛ ሁለት ነጥቡን በባዶ ቦታ ስንተካው ያ ነጻነት አብሮ ሄደ። የእሷ መፍትሔ፦ በኤ5 ገጽ ላይ አንድ ዐምድ፣ ቢበዛ ሁለት። ግራው ይሰለፍ፣ ቀኙ እንደመጣለት ይሁን።

ሌላም አለች። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም፤ ሁሉም ቁመታም ነው። ስለዚህ በመስመሮች መሃል ከላቲኑ የበለጠ አየር ይፈልጋል። ማዘንበልም አይስማማውም፤ ሊወድቅ ያለ አጥር ይመስላል። አንድን ነገር ለይቶ ለማሳየት መወፈር ወይም ቀለም መቀየር ይሻላል። ቀለሙ ደግሞ ቀይ ይሁን፤ በብራናው ላይ የቅዱሳን ስም በቀይ እንደሚጻፈው። እኔ ለማውጫው ሰማያዊ መርጬ ነበር። አሁን በጥቁርና በቀይ ነው። በሁለት ቀለም ብቻ ገጹ ረጋ አለ።

9 አጭር ነው። ቃለ መጠይቁን በድሮው፣ ዩኒኮድ ባልሆነ ፊደል ጽፌው ከሆነ ወደ ሌላ ፕሮግራም ስገለብጠው ላቲን እንደሚተፋ ነገረኝ። ዘግይቶ ነው የነገረኝ። ሁለት ገጽ እንደገና ጽፌያለሁ።

10 የሙዚቃ መምህር ነው፤ ክራሩን ጭኑ ላይ አድርጎ የጻፈው ይመስለኛል። በናሙናው ላይ ባቲን ዶ ሬ ፋ ሶል ላ ብዬ ነበር፤ ፎቶውን ለጥፌው ስለነበር አየው። ባቲ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አንቺ ሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ትዝታ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ሲሆን፣ ሚው እና ላው ፍላት የሚሆኑበት ሁለተኛ መልክ አለው፤ እሱን ጨርሶ ረስቼዋለሁ። የገዛ መጽሔቴን ስም ቅኝት እንኳ አስተካክዬ አልጻፍኩም ነበር። ሰንጠረዡን ትቼ የፒያኖ ቁልፎች እንድስልና አምስት አምስቱን በቀይ እንድቀባ ነገረኝ፤ ዶ ሬ ሚ የማያውቅ ሰው በስልኩ ፒያኖ ከፍቶ ይሞክራቸዋል። ሠራሁት። ገጽ 6 እና 7 ላይ ነው፤ ቡድኑን ያስደሰተ የመጀመሪያው ገጽም እሱ ነው። ስፖርት ይሁን ካሉት አንዱ ባቲን በስልኩ ሲጎረጉር አመሸ።

መምህሩ በመጨረሻ አንድ ነገር ጣል አድርጎ ሄደ። ባቲ እና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፤ ለኩራት እነሱ ይበቃሉ፤ አራቱንም ጠቅልሎ መውሰድ ምን ይባላል?

እዚህ ላይ እሳት ተነሣ። 11 ከጎጃም ነው፤ ለመሆኑ አያቱ ትዝታ ሲሰሙ ያለቀሱት የወሎ ፈቃድ ይዘው ነበር ወይ ሲል ጠየቀ። 12 የወሎ ልጅ ነው፤ መልሱ አያትን የሚነካ ነበርና አልፈዋለሁ። 13 ተሰርዟል። 14 የባቲ ልጅ ሆኖ ገላጋይ መጣ። ሰው ሁሉ ባቲ ሲባል ዘፈኑ እንደሚታየው፣ እሱን ግን የሰኞ ገበያ፣ ግመል፣ አቧራና ሙቀት እንደሚታየው ጻፈ። ከዚያ የፍየል ዋጋ ዘንድሮ የት እንደደረሰ አማርሮ ሄደ። መጽሔቱን አላነሳውም። ግን ሳቅን፤ ጠቡም በረደ። ዓረፍተ ነገሬን ቀየርኩት፤ ሁለቱ ስማቸውን ከወሎ ቦታዎች የወሰዱ ናቸው ብዬ ተውኩት።

15 መንዙማ የታለ ብሎ ጠየቀ። የወሎ መጽሔት ያለ መንዙማ እንዴት ይሆናል? አልመለስኩም፤ መልስ አልነበረኝም። በእኔ ፈንታ 16 መለሰ፤ በቁጣ። መንዙማ ዒባዳ፣ አምልኮ ነው፣ ጠጅ ቤት ከሚጫወት አዝማሪ ጎን ማስቀመጥ ስድብ ነው ባይ ነው። እኔ ደግሞ 17 ላይ ቸኩዬ ወሎ ተቻችሎ የኖረ ሕዝብ መሆኑን ላስተምረው ሞከርኩ። ባልጻፍኩት ኖሮ። ሰውየው የጠየቀው ስለ መቻቻል አልነበረም፤ ስለ ገጽ አቀማመጥ ነበር።

18 ላይ ከቃሉ ወረዳ በኩል አንድ ሽማግሌ ገቡ። አጻጻፋቸው ራሱ አንቱ ያሰኛል። መንዙማ ሐድራ በሚባለው የጸሎት ስብስብ ላይ በድቤና በጭብጨባ ነቢዩ የሚወደሱበት መሆኑን፣ የሚሉት ሰዎችም ዘፈን ብለው እንደማይጠሩት አስረዱ። ግሸን ላይ ካህናቱ የሚያዜሙትንስ ማን ዘፈን ይለዋል አሉ። ሁለቱም ግን ዜማ መሆናቸውን የሚክድ የለም። ከስሙ ሥር «የሙዚቃ መጽሔት» ብዬ ከጻፍኩ ሁለቱም ደጅ ይቀራሉ፤ «የዜማ መጽሔት» ካልኩ ሁለቱም ይገባሉ። ስለ መንዙማ ከመጻፌ በፊት ደግሞ የሚያዜሙትን ሄጄ እንድጠይቅ፣ በእነሱና በአዝማሪው መሃልም ገጽ እንድተው መከሩኝ። ለእኔ ከ27ቱ የሚበልጠው ይህ ነው። መንዙማው አሁን 4 እና 5 ላይ ነው፣ የፒያኖው ቁልፎች 6 እና 7 ላይ፣ መሰንቆው 8 እና 9 ላይ። 16 ተመልሶ ጀዛከላህ አላቸው፤ እኔን አላናገረኝም።

19 ወደ ሽፋኑ መለሰን። ፎቶ ከኢንተርኔት ወረደ ማለት የእኔ ሆነ ማለት አይደለም፤ መብቱ የፎቶ አንሺው ነው፤ አዋጅም አለው፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996። ስልክ ይዤ የሰው ፎቶ ምን እንዳስፈለገኝም ጠየቀኝ። ማሪቱ ከሽፋኑ የወረደችው በዚህ ነው። 1 አኩርፎ አንድ የሐዘን ምልክት ለጠፈ፤ ቁጥር አልተሰጠውም።

20 በጣም ስለታም ነው። አስተማሪ ሳይሆን አይቀርም። ማንኛውም ሙዚቃ ወዳድ የሚባል አንባቢ በዓለም ላይ እንደሌለ ነገረኝ። ዕድሜው ስንት ነው፣ የት ቁጭ ብሎ ያነበዋል፣ ምን ያህል ገንዘብ አለው፣ ካነበበ በኋላ ለማን ይሰጠዋል? ይህን ሳላውቅ የፊደሉን መጠን እንኳ መወሰን እንደማልችል ጻፈ። ተናደድኩ። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። 21 ላይ የመለስኩት ይህን ነው፦ አንባቢዬ ከሌላ ክልል መጥታ አብራን ዶርም የምትኖረው ልጅ ናት። ቅኝት የሚባለውን ቃል ሰምታለች፣ ምን እንደሆነ አታውቅም። አልጋዋ ላይ ተኝታ በስልክ መብራት ነው የምታነበው። ስለዚህ ፊደሉን ከፍ አደረግኩት፣ ጽሑፉንም ከግማሽ በላይ ቆረጥኩት። 20 የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ሰጠኝ። ከእሱ ይህ ብዙ ነው።

22 ሽፋኑ ላይ አንዲት የወሎ ቆንጆ ቢደረግ ማን ያያል መጽሔቱን ባይ ነው። 23 ላይ አንዲት ሴት ወሎ ከቆንጆ ሌላ ምርት እንዳለው በአንድ መስመር ነግራ አሰናበተችው።

24 የእኔ ነው። መሰንቆ ተጫዋቹ ቤት ሄድኩ። ሰፈር ውስጥ ጋሼ ነው የምላቸው። መሰንቆው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ደጋኑን የሚያሹባት የዕጣን ጓል አንገቱ ላይ ተለጥፋለች፤ ጠቁራ፣ በመሃሏ የፈረስ ጭራው የቦረቦራት ቀጭን ቦይ አለ። እሷን አይቼ ሽፋኔን አገኘሁ አልኩ። ጋሼ ግን ቆይ ልጄ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ኮት ለብሰው፣ ጸጉራቸውን በውኃ አስተኝተው ወጡ። መሰንቆውን ላቀብላቸው ስል እጄን መለሱት። ሰው ፎቶ ባነሳቸው ቁጥር መሰንቆ እያስያዛቸው ነው፤ ያለ እሱ የተነሱት ለመታወቂያ ብቻ ነው። አንድ ቀን እንደ ሰው ልነሳ አሉኝ። አነሳኋቸው። ከዚያ መሰንቆውን ለብቻው መደብ ላይ አጋድሜ አነሳሁት። ለመድረኩ ጥያቄዬ የትኛው ሽፋን ይሁን የሚል ነበር።

25 መሰንቆው አለ፤ የሙዚቃ መጽሔት መሆኑ በምን ይታወቃል? ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሽፋን ከሩቅ መናገር አለበት። 26 ሆና የተመለሰችው ግን ያቺ የገጽ አቀናባሪ ናት። «አምባሰል» አምስት ፊደል ብቻ ስለሆነ በትልቁ ይጻፋል፤ መሰንቆ ይዞ መታየት የማይፈልግ አዝማሪ ከሥሩ ሲውል አንባቢው ለምን ብሎ ይገልጣል። ጥያቄው ሽፋን ላይ፣ መልሱ 8 እና 9 ላይ። በዚህ ተስማማን። ጋሼ በኮታቸው ሽፋን ላይ ናቸው።

27 ኮምቦልቻ ያለው ሰው ነው። ፋይሉን ልኬለት ነበር። ሁሉም ደህና ነው፣ አንድ ነገር ብቻ። መደብ ላይ የተጋደመው መሰንቆ 8 እና 9ን አቋርጦ ያልፋል፤ የላይኛው ሽቦ የሚወጋው ደግሞ ልክ ክሩ ላይ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ እንዳወጣው ነገረኝ። አወጣሁት።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። አምስት ቅጂ ነው የሚታተመው፤ አንዱ ለመምህራችን፣ ሁለቱ ለጋሼ፣ አንዱ ለቡድናችን። ለምላሽ 2፦ የት እንደሚሸጥ ጠይቀሽኝ ነበር። አይሸጥም። አምስተኛው ያንቺ ነው፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።